ሳይጠሩት አቤት የሚል ፖስታ

በዚህ የሜልበርን ብርድ፣ ከሳምንቱ ሥራ በተረፈችው አንዲት ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ፖስታ የሚነገር ምን አለ ብላችሁ ሳትንቁ እስከ ፉትስክሬይ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሁላችንም ከምናውቀው ቦታ ልጀምር። ፍሌሚንግተን ወይም ኖርዝ ሜልበርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች ወደ አንዱ ስትገቡ የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች ታያላችሁ። ከሥራቸው ብዙ ጊዜ የፒዛና የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወድቆ ይገኛል። እሱ ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሳይጣል የሚቀረው ነው፤ ስማችን ተጽፎበት፣ ታሽጎ፣ በክብር ተይዞ ወደ ቤት የሚገባው።

ለምን በክብር ይገባል? የኢትዮጵያ ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ተቋቋመ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሠራም ለአብዛኞቻችን ደብዳቤ በር ድረስ መጥቶ አያውቅም። ፖስታ ቤት ሄደን ከሳጥን እናወጣለን፤ ሳጥን የሌለን በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት አድራሻ እናስልካለን። በስማችን የተጻፈ ወረቀት ከመጣ ወይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፣ ወይ የቀበሌ ጥሪ፣ ወይ የሥራ ቅጥር፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ናፍቆት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይታዘዙታል እንጂ አይጥሉትም።

ያንን አክብሮት ይዘን መጣን። እዚህ ስንደርስ ደግሞ ፍርሃት ተጨመረበት። የመንግሥት ድጎማ የሚከፍለው ሴንተርሊንክ የሚናገረን በደብዳቤ ነው፤ ኢሚግሬሽንም እንዲሁ፣ የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም። ደብዳቤ ችላ ብሎ ክፍያው የተቋረጠበትን ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ በዚያው ሳጥን፣ በዚያው ዓይነት ፖስታ፣ ባንኩ መጥቶ «እርስዎ ተመርጠዋል» ይላል። አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚሉት ይህን ነው። ያልጠራነው እንግዳ በመንግሥት ልብስ ለብሶ ይገባል።

ይህን የምናገረው ከሩቅ አይቼ አይደለም። በ2009፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሜ ከነአያቴ ሳይሳሳት የተጻፈበት ፖስታ ደረሰኝ። በዚህ ከተማ ስሜን አስተካክሎ የጻፈልኝ ሰው አልነበረምና ደስ አለኝ። የ2,000 ዶላር ካርድ «ቅድሚያ ጸድቆልዎታል» ይላል። ፈርሜ ላክሁ። ዓመት ሳይሞላ ከዚያው ባንክ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ጣሪያዬን ወደ 5,000 ሊያሳድግልኝ የሚፈልገው ፊርማዬን ብቻ ነው። እንደ ሹመት ቆጠርሁት። በዚያው ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ታማ ሆስፒታል ገባች። ገንዘቡን ከካርዱ አውጥቼ ላክሁ። ለእናቴ መላኬ አይጸጽተኝም፤ ዛሬም ቢሆን እልካለሁ። ነገር ግን ከካርድ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ማንም አልነገረኝም። በወሩ መጨረሻ የሚመጣው ወረቀት ላይ ያለው ትንሹ ክፍያ ዕዳውን የሚጨርሰው እንዳልሆነም አላወቅሁም። ከዚያ ለመውጣት ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ዓመታት ቅዳሜና እሑድን ከቤተሰቤ ጋር አላየሁም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እዚህ አገር ብዙ ካርዶች በዓመት 20 በመቶ ገደማ ወለድ ያስከፍላሉ። ሰው 5,000 ዶላር ዕዳ ቢኖርበት የመጀመሪያው ወር ወለድ 83 ዶላር ይሆናል። ባንኩ «ቢያንስ 2 በመቶ ክፈል» ቢለው 100 ዶላር ይከፍላል። ከመቶው ዕዳውን የሚነካው 17 ዶላር ብቻ ነው። ሰውየው በየወሩ በሰዓቱ ይከፍላል፣ ሥራውን አልበደለም፣ ዕዳውም ከቦታው ብዙ አልተነቃነቀም። ወለድ ሐራም የሆነባቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ከገንዘቡ ሌላ የህሊና ሸክም ይሸከማሉ፤ ብዙዎቹ ወለድ መኖሩን ያወቁት ከፈረሙ በኋላ ነው።

አገራችን ውስጥ ብድር እንዲህ አልነበረም። ባንክ ለመበደር መያዣ ያስፈልጋል፤ ዋስ ያስፈልጋል። እቁባችን እንኳ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ዋስ ጠርቶ ነው። ዋሱ የሚያስፈልገው ገንዘቡን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ሰውየው ብድሩን መሸከም መቻሉን የሚመሰክር ሌላ ዓይን ማለት ነው። በፖስታ የሚመጣው ካርድ ያንን ዓይን ያስወግዳል። ጎረቤት አያይም፣ የእቁቡ ዳኛ አያይም፣ ሚስት ወይም ባል እንኳ ላያይ ይችላል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው።

እኛ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ታሪኩን ከ1958ቷ አሜሪካ ልጀምር። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ወር ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ ላሉ ወደ 60,000 ሰዎች ማንም ሳይጠይቀው ካርድ በፖስታ ላከ። ማመልከቻ አልነበረም፤ ለመጠቀም የተዘጋጀው ካርድ ራሱ ነበር በፖስታው ውስጥ። ያ ካርድ ኋላ ቪዛ የምንለው ሆነ። እዚህ አውስትራሊያም በ1974 ባንኮች ተባብረው ባንክካርድ የተባለውን ካርድ ሲያወጡ፣ ለመረጧቸው ደንበኞች ሳይጠየቁ በፖስታ ላኩ። ባንክካርድ በ2007 ከገበያ ወጣ። ልማዱ ግን ትምህርት ጥሎ ሄዷል፤ ሰው ሳይጠይቅ እጁ ላይ የተቀመጠ ብድር ይወሰዳል።

ሕግ አውጪዎቹም ይህን አይተው አንድ በር ዘጉ። ዛሬ በዚህ አገር ያልጠየቃችሁትን ክሬዲት ካርድም ሆነ ዴቢት ካርድ መላክ ክልክል ነው። አስቀድሞ በእጃችሁ ያለ ካርድ ጊዜው ሲያልቅ ምትኩን መላክ ይቻላል፤ ሌላው አይፈቀድም። ያላመለከታችሁበት ካርድ ከመጣ አትጠቀሙበት፤ ለባንኩ ደውሉ፤ ካልሰማችሁ ኤሲክ ለሚባለው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ንገሩ።

ሁለተኛው በር የተዘጋው ዘግይቶ ነው፤ እኔን ያጠመደኝ እሱ ነበር። ከጁላይ 2012 ጀምሮ ባንክ የደንበኛውን የብድር ጣሪያ ላሳድግ ብሎ የሚጽፈው ደንበኛው አስቀድሞ ከፈቀደ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ፈቃዱ ግን ብዙ ጊዜ በማመልከቻው ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ምልክት በማድረግ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሳይጠየቁ «ጣሪያዎን እናሳድግ» ማለት ጨርሶ ተከለከለ፤ በደብዳቤም በስልክም።

ይህ እገዳ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በማርች 2018፣ በኬኔት ሄይን የሚመራው የባንኮች ንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን እዚሁ ሜልበርን ተቀምጦ ምስክር ሰማ። ከአገሪቱ ታላላቅ ባንኮች የአንዱ ደንበኛ የሆነ ሠራተኛ ቀርቦ፣ ቁማር እንዳለበት ለባንኩ ከተናገረ በኋላም ጣሪያህን እናሳድግ የሚለው ጥያቄ አለመቆሙን ተናገረ። ችግሩን ለባንኩ መናገር የቻለን ሰው ያሸነፈ ደብዳቤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸውን አዛውንቶቻችንን ምን ያህል እንደሚያሸንፍ አስቡት።

ሦስተኛው በር ግን ክፍት ነው። አዲስ ካርድ እንድትወስዱ የሚጋብዝ ደብዳቤ ዛሬም ሕጋዊ ነው። አሁን በሳጥናችን የምናገኘው እሱን ነው፤ ከባንክ፣ ከቤት ዕቃ መደብር፣ ከአየር መንገድ ነጥብ ጋር ተያይዞ። ይህን በር መንግሥት አልዘጋልንም፤ መዝጊያው ግን እጃችን ላይ ነው።

መጀመሪያ «ጸድቆልዎታል» የሚለውን ቃል እንግፈፈው። ሕጉ ባንክ ገቢንና ወጪን ጠይቆ ሳያጣራ ካርድ እንዳይሰጥ ያዛል። ከ2019 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ አመልካቹ ሙሉውን ጣሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ መክፈል መቻሉን መመዘን አለበት። ስለዚህ ማንም በፖስታ አልጸደቀለትም። ቃሉ የተመረጠው እጃችን ወደ ብዕር እንዲሄድ ነው፤ እኔ ይህን ማታለል እለዋለሁ።

ቀጥሎ የግል መረጃ ሕጉ የሚሰጠን መብት አለ። ስማችሁንና አድራሻችሁን ይዞ ማስታወቂያ የሚልክ ድርጅት አቁም ስትሉት ማቆም አለበት፤ ስላቆመም ገንዘብ አይጠይቅም። ስሜን ከየት አገኛችሁት ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። ከ2014 ወዲህ ይህ በግልጽ ተደንግጓል። አብዛኛው የካርድ ግብዣ የሚመጣው ደመወዛችን ከሚገባበት ከራሳችን ባንክ ነውና ከዚያ ጀምሩ። ስልክ ደውሉ ወይም ቅርንጫፉ ሄዳችሁ «ኖ ማርኬቲንግ፣ ፕሊዝ፤ ኖ ሌተርስ፣ ኖ ኮልስ፣ ኖ ኢሜይልስ» በሉ። የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። በጽሑፍ ብታደርጉት ይበልጣል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ 131 450 ደውላችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚው መስመር ላይ ሆኖ ከባንኩ ጋር ያገናኛችኋል። ባንካችሁ የምትሉትን እስኪረዳ ድረስ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ልጅን ከትምህርቱ አስነስቶ ከማስተርጎም እጅግ ይሻላል።

ከባንኩ ጀርባ ብዙዎቻችን ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው መዝጋቢዎች አሉ፦ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ በ2024 ደግሞ ኤክስፒሪያን የገዛው ኢሊየን። የብድር ታሪካችንን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ባንክ ግብዣ ሊልክላቸው ያሰባቸውን ሰዎች ስም ይዞ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ እነሱም መዝገባቸውን አይተው መስፈርቱን የማያሟላውን ያስወጣሉ። ሕጉ ይህን ማጣራት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን «የእኔን መዝገብ ለዚህ አትንኩ» የማለት መብት ሰጥቶናል። ያለ ክፍያ ነው። ለሁሉም በየራሳቸው መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ የተነገረ ለሌላው አይደርስም። እግረ መንገዳችሁን የራሳችሁን የብድር ሪፖርት ጠይቁ፤ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ በነጻ ይሰጣሉ። ያላመለከታችሁበት ብድር ተጽፎ ብታገኙ ወይም ሰው በስማችሁ እንዳይበደር ብትሰጉ፣ መዝገባችሁን ለ21 ቀን አሳግዱ።

ሪፖርቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እስቲ ልሞክረው ተብሎ የተላከች እያንዳንዷ ማመልከቻ ለ5 ዓመት እዚያ ትቀመጣለች። ታርኒት ወይም ሜልተን ቤት ለመግዛት ስትሄዱ የቤት ብድር ሰጪው ያንን ያያል። አንድም ሳንቲም ያላወጣችሁበት ካርድ ኪሳችሁ ቢኖር እንኳ ሙሉ ጣሪያውን እንደ ዕዳ ቆጥሮ ከምትበደሩት ላይ ይቀንሳል። በማይጠቀምበት ካርድ ምክንያት ቤት ያመለጠው ቤተሰብ አይቻለሁ። አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ መዝጋት አይደለም። ከጃኑዋሪ 2019 ወዲህ የተከፈተ ካርድ በኢንተርኔት ማዘጋት ወይም ጣሪያውን ማስቀነስ እንዲቻል ሕጉ ያስገድዳል።

ማመልከቻ ሌላም ነገር ይዞ ይሄዳል። ማርች 2023 ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሜልበርን የሆነው ላቲቲውድ የተባለ አበዳሪ መረጃ ተሰረቀበት። 7.9 ሚሊዮን የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወጣ። ከተወሰደው መዝገብ ውስጥ እስከ 2005 ወደ ኋላ የሚሄድ ነበረበት። አስቡት፤ ማቀዝቀዣ በዱቤ ለመግዛት ፎርም የሞላ ሰው፣ ዕዳውን ከፍሎ ከጨረሰ ከብዙ ዓመት በኋላ መታወቂያው ሌባ እጅ ገባ።

ሌባ ሩቅ ላይሆንም ይችላል። ስም፣ አድራሻ፣ ግማሹ የተሞላ ማመልከቻ የያዘ ፖስታ ባልተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ሲያድር ለሚፈልገው ሰው ሲሳይ ነው። ሳጥናችሁን ቆልፉ፤ ቁልፉ ከተሰበረ ለቤቶች አስተዳደር አመልክቱ። ወረቀቱን ስትጥሉት ስማችሁ ያለበትን ቦታ ቅደዱት። ለቀድሞው ተከራይ የመጣውን አትክፈቱ፤ የሰው ፖስታ መክፈት ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሳይከፈት «ሪተርን ቱ ሴንደር» ጻፉበትና ቀዩ የፖስታ ሳጥን ውስጥ መልሱት፤ ቴምብር አያስፈልገውም። «ኖ ጃንክ ሜይል» የሚለው ተለጣፊ የሚከለክለው ስም የሌለበትን በራሪ ወረቀት ብቻ ነው። ስማችሁ ያለበትን ፖስተኛው የማድረስ ግዴታ አለበት፤ አትቆጡት። በስልክ ለሚመጣው ግብዣ በ2007 ሥራ የጀመረው የአትደውሉ መዝገብ አለ፤ ቁጥራችሁን በነጻ አስመዝግቡ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በብዙ ቤታችን ደብዳቤ የሚያነበው ልጅ ነው። የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ እናቱ ፖስታ ትሰጠዋለች። ልጁ «ኮንግራጁሌሽንስ» የሚለውን ያነባል፤ ያንን ቃል ትምህርት ቤት ሲሸለም ያውቀዋል። «እማዬ፣ ባንኩ እንኳን ደስ አለሽ እያለሽ ነው» ይላል። እናት ልጇን ታምናለች፤ ልጁም አልዋሸም። በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የወለድ ቁጥር ግን ልጅ እንዲረዳው አይጠበቅም። ዕዳው ሲመጣ ልጁ «ያነበብኩት እኔ ነኝ» ብሎ በልቡ ይይዘዋል። ከአንድ ወጣት ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር፣ ሲነግረኝ 24። አሥራ አራት ዓመት ተሸክሞታል።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ የገንዘብ ደብዳቤ ለልጅ አታስነብቡ። ወጣቶች፤ አሁን ያደጋችሁት እናንተ ናችሁና የወላጆቻችሁን ፖስታ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ለዩላቸው። ከመንግሥት የመጣውን በአንድ በኩል፣ ባንኩ ስላለ ሒሳብ የሚልከውን በሌላ በኩል፣ ግብዣውን ለብቻ። ግብዣው ላይ የማቆሚያ ስልክ ቁጥር ወይም አድራሻ በትንሹ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ እሱን ፈልጉና እዚያው ደውሉ። ይህን አንድ ከሰዓት ብታደርጉት ለወላጆቻችሁ ለዓመታት የሚሆን እረፍት ነው።

አቁሙ ብላችሁ ካላቆሙ በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቡላቸውና 30 ቀን ጠብቁ። ከዚያ የአውስትራሊያ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ በ1300 363 992 ይቀበላችኋል። ጉዳዩ ራሱ ብድሩ ከሆነ፣ ማለትም ገቢያችሁ ሳይጣራ ካርድ ተሰጥቷችሁ ከሆነ፣ አፍካ የሚባለው የፋይናንስ አቤቱታ ሰሚ አለ፤ 1800 931 678። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ አያስከፍልም። ዕዳ ውስጥ ገብታችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ደግሞ 1800 007 007 ደውሉ። በነጻ የሚያማክሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ባንኩን ወክለው አይናገሩም፤ ለእናንተ ሆነው ከባንኩ ጋር ይደራደራሉ። እኔ ያኔ እንዲህ ያለ ምክር ባገኝ ኖሮ ሦስቱ ዓመት ወደ አንድ ይወርድልኝ ነበር።

ዕዳን መደበቅ ልማዳችን ነው። ሰው ታሞ ሲተኛ እድሩ ይሰማል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። ዕዳ ሲይዘው ግን በሩን ይዘጋል፣ እቁቡን ያቋርጣል፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ መምጣት ይተዋል። ይህ እንዲቀር እለምናችኋለሁ። የእድራችሁና የማኅበራችሁ ሊቀ መናብርት እዚህ ተቀምጣችኋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ስለ ሌላው ጉዳይ ከመነጋገራችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ለዚህ ስጡ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለባንክና ለመዝጋቢዎቹ የሚላክ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ ትርጉሙ በአማርኛ ተጽፎበት ተቀምጧል። ስማችሁንና አድራሻችሁን መሙላትና መፈረም ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ፖስታ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አትሂዱ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ እዚሁ ነኝ፣ አብረን እናነባለን።